ዛፉ ለምልሞ ፍሬው እከካም ሲሆን፦ የአፕል ዛፍ ችግርና መፍትሄ

ተረጭቶ፣ ተደግሞ፣ መድኃኒቱም ተቀይሮ እከኩ አልለቅ ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጋ አይደለም። የአፕል ዛፍ በሽታ የሚመክትባቸውን ኬሚካሎች የሚሠራው ቀንበጥና ቅጠል ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። እድገቱ ሁሉን ከበላው ለመከላከያ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ ከመርጫው በፊት ሜትር ይያዝ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቀንበጡ ይሮጣል፣ እከኩ በርጭት አይቆምም

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ፍሬው ለለቀማ ሲቃረብ እንኳ የቀንበጡ ጫፍ ገና ለጋ ነው። በቅጠሉ ላይ ወይራማ ቡናማ፣ ከፈይ የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ፍሬው ላይ ነጠብጣቡ ይጠቁርና ይደርቃል፤ ፍሬው ሲያድግ ቦታው ይሰነጠቃል። ባለቤቱ የሚያሳየው ግን የዛፉን ልምላሜ ነው፤ «እንዲህ ያማረ ዛፍ እንዴት ይታመማል?» ይላል። ያማረበት ምክንያትና የታመመበት ምክንያት አንድ ነው።

እከኩን የሚያመጣው ቬንቹሪያ ኢንኤኳሊስ የተባለ ፈንገስ ነው። ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገረው በረገፈ ቅጠል ውስጥ ሆኖ ነው፤ እምቡጡ ሲፈነዳ ዝናብ ሲመጣ ዘሩን ይበትናል። ቅጠሉ ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለ6 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይበቃዋል፤ በ10 ዲግሪ 11 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ምልክቱ የሚወጣው ከ9 እስከ 17 ቀን ቆይቶ ስለሆነ ዛሬ የሚታየው ነጠብጣብ የዛሬ ሳምንት ተኩል ወይም ሁለት ሳምንት የጣለው ዝናብ ውጤት ነው። ነጠብጣቡን አይቶ የሚረጭ ሰው ያለፈውን ዝናብ እያሳደደ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ ኬሚስትሪ። ፌኒልአላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ፕሮቲን መሥሪያ ነው፤ ቀንበጥ የሚያድገው በዚህ ነው። ሁለተኛው ፌኒልአላኒን አሞኒያ ሊዬዝ በተባለው ኤንዛይም በኩል ያልፍና ወደ ፌኖል ውሁዶች ይሄዳል፦ ክሎሮጄኒክ አሲድ፣ ኤፒካቴኪን፣ ፕሮሲያኒዲን፣ ኩዌርሴቲንና ዘመዶቻቸው። ናይትሮጅን ሲትረፈረፍ አብዛኛው ወደ ፕሮቲኑ ይነጉዳል፤ በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ፌኖል ይወርዳል። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን ከከለከለ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ኤንዛይሙ የሚነቃቃው በብርሃን ነውና።

ከዚህ የከፋ ሌላም ነገር አለ። የአፕል ቅጠል ለእከክ የሚጋለጠው ለጋ ሳለ ነው፤ ሲበስል በራሱ ይቋቋማል። ጫፉን በጊዜ የዘጋ፣ ማለት ማደጉን ያቆመ፣ ቀንበጥ ከዚያ በኋላ ለፈንገሱ የሚያቀርበው ለጋ ቅጠል የለውም። በዩሪያ የሚነዳ ቀንበጥ ግን በየሳምንቱ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ማለት በየሳምንቱ አዲስ፣ ያልተረጨ፣ መከላከያው የሳሳ ገበታ ያቀርባል። ከትናንት ወዲያ የተረጨው መድኃኒት ዛሬ የተዘረጋውን ቅጠል አያውቀውም። ፈንገሱ ደግሞ ገብቶ የሚቀመጠው ከቅጠሉ የላይ ሽፋን ሥር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሴሎቹን ስለማይሰብር ዛፉ ቶሎ አይባንንም። አስቀድሞ የተጠራቀመ መከላከያ ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ፍሎሪድዚን አንድ ቃል፤ ብዙ ስለሚነገርለት። በ1835 ከአፕል ሥር ቅርፊት ተነጥሎ የወጣ ውሁድ ነው፤ በለጋ ቅጠል ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሴሉ ሲቆስል ከስኳሩ ተላቅቆ ፍሎሬቲን ይሆናል፤ ከዚያም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ባክቴሪያና ፈንገስ ወደሚጎዱ ኪኖኖች ይለወጣል። ግን በቀላሉ የሚጠቁ ዝርያዎችም እንደሚቋቋሙት ሁሉ በብዛት አላቸው። «ፍሎሪድዚን ከፍ ያደርጋል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ገንዘብ መጣል ነው፤ የይዘቱ መጠን ያልተጻፈበት ከሆነማ ጭራሽ አይነካ።

*ምርመራው።* በደረት ከፍታ፣ በዛፉ ዙሪያ፣ የዘንድሮ 10 የጫፍ ቀንበጦች ምረጡ። ከጫፉ ወደ ግንዱ በጣት እየዳሰሳችሁ ውረዱ፤ ቅርፊቱ እንደ ጠባብ ቀለበቶች የተሸበሸበበት ቦታ ታገኛላችሁ። የአምናው የጫፍ እምቡጥ የነበረው እዚያ ነው፤ ከዚያ እስከ ጫፍ ያለው የዘንድሮ እድገት ነው። ፍሬ በሚሰጥ ዛፍ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። አማካዩ ከ60 ካለፈ ናይትሮጅን በዝቷል፣ ወይም መግረዙ ከብዷል፣ ወይም ዛፉ ፍሬ አልያዘም። በአብዛኛው ሦስቱም አብረው ይገኛሉ። የላቦራቶሪ ምርመራ ለማሠራት አበባው ከረገፈ ከ60 እስከ 70 ቀን ውስጥ ከቀንበጡ መሃል 50 እና ከዚያ በላይ ቅጠል ይለቀም፤ ከጫፍ የተለቀመ ቅጠል የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ፍሬ በያዘ ዛፍ ናይትሮጅኑ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ2.4 በላይ ከሆነ ዛፉ ጠግቧል።

*መፍትሄው።* ናይትሮጅን ለአንድ ሙሉ ወቅት ይቁም። ይቁም ማለት ይቀነስ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ሁሌ የሚሠራ ስህተት አለ፤ ሰዉ ዩሪያውን ያቆምና የዶሮ ፍጉን ይቀጥላል፣ «እሱ ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ። 100 ግራም ዩሪያ 46 ግራም ናይትሮጅን አለው፤ የደረቀ የዶሮ ፍግ ከዚያ በጣም ያነሰ ይዞ ነው፣ ግን የሚሰጠው በግራም ሳይሆን በአካፋ ነው። ለሥሩ ናይትሮጅን ናይትሮጅን ነው፤ ከረጢቱን አያነብም። በረድፉ መካከል የተዘራ ጥራጥሬ ወይም አልፋልፋም ይቆጠራል፤ ታጭዶ ዛፉ ሥር ከተከመረ ማዳበሪያ ነው። በዚህ ዓመት የታጨደው ከረድፉ ይውጣ፤ ሣር ደግሞ እስከ ግንዱ አቅራቢያ ይደግ፣ ናይትሮጅኑን ይሻማል።

ጠንካራ መግረዝም ማዳበሪያ እንደመጨመር ነው። ሥሩ እንዳለ ሆኖ እምቡጡ በግማሽ ሲቀንስ ለእያንዳንዱ እምቡጥ የሚደርሰው ምግብ ይበዛል፤ በቀጣዩ ወቅት ጅራፍ የመሰሉ ቀንበጦች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ባለቤቱም ተናዶ እነሱን ደግሞ ይቆርጣል፤ እንዲህ እያለ ዓመት ከዓመት ይዞራል። ጫፍ ጫፉን መከርከም ይቅር። የሚወጣው ቅርንጫፍ ከመነሻው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ በአንድ ወቅትም ከእንጨቱ ሩብ በላይ አይነካ። ቀጥ ብለው የቆሙት ቀንበጦች በገመድ ወደ ጎን ቢጎተቱ እድገታቸው ይቀዘቅዛል፣ የፍሬ እምቡጥም ይይዛሉ። የቀረው መግረዝ ጫፎቹ ከተዘጉ በኋላ ቅጠሉ እያለ ቢሆን ብርሃን ይገባል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይደርቃል። ፍሬም ይተውለት፤ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ቀንበጥ አያባክንም።

የረገፈው ቅጠል ላይ 5 በመቶ ዩሪያ፣ ማለት 5 ኪሎ በ100 ሊትር ውሃ፣ ቢረጭ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ፈንገሱም መሻገሪያ ያጣል። ዘዴው ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን ቅጠሉ ሳይረግፍ ዛፉ ላይ ይረጨዋል፤ ያኔ ዛፉ ናይትሮጅኑን ወደ እንጨቱ መልሶ ያስቀምጠውና እምቡጡ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈነዳ ያወጣዋል። ለጠገበ ዛፍ ርጭቱ መሬት ላይ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካፕታንን የመሰለ ከላይ የሚሸፍን መድኃኒት ከዝናብ በፊት ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ካፕታን ከዘይት ጋር አይቀላቀልም፤ በሁለቱ መካከል 14 ቀን ይለፍ፣ አለዚያ ቅጠሉ ይቃጠላል። ወደ ውስጥ የሚገቡት መድኃኒቶች ላይ ደግሞ ፈንገሱ ተለማምዷል። የንግድ ስም መቀየር ለውጥ አይደለም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአሠራር ምድብ አንብቡ። ሦስት ስም ገዝቶ አንድ ምድብ የሚረጭ ሰው ብዙ ነው።

ዝርያ የሚመርጡ ደግሞ ይህን ይወቁ። ሊበርቲና ፕሪማን የመሳሰሉት እከክ የሚቋቋሙት ከማሉስ ፍሎሪቡንዳ በተወሰደ አንድ ጂን ነው። በሊበርቲ ውስጥ ማሉስፉራን የተባለ ፈንገስ ተከላካይ ውሁድ ተገኝቷል፤ ሲጠቃ የሚሠራው እንጂ አስቀድሞ የሚያስቀምጠው አይደለም። ይህን ጂን ማለፍ የቻሉ የፈንገስ ዓይነቶች ግን አሉ። «የሚቋቋም ዝርያ ነው» ብሎ የረገፈውን ቅጠል መተው እነሱን ማራባት ነው።

ምልክት፦ የቀንበጡ ጫፍ እንደ ከዘራ እጀታ ተቆልምሟል፣ ቅጠሉ ጠቁሮ አልረግፍ ብሏል

ያመጣው ኤርዊኒያ አሚሎቮራ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በሽታው ፋየር ብላይት ይባላል። እንደ ማር ያለ ጠብታ ከቅርፊቱ ላይ ካያችሁ ጥርጣሬ አይኑር። የሚገባው በአበባ በኩል ነው፣ ሞቅ ባለና እርጥብ ቀን፤ ከበረዶ ጉዳት በኋላ ደግሞ በቁስሉ።

እዚህም የሮጠ ቀንበጥ ነው ቀድሞ የሚሞተው። የሚገርመው ዛፉ ዝም አለማለቱ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፣ የራሱን ሴሎች ይገድላል፤ ባክቴሪያው ግን ያንን ችሎ ያልፋል፣ ከሞተውም ሴል ይመገባል። ግንዱ ውስጥ በታመመውና በጤነኛው እንጨት ድንበር ላይ ዛፉ ባይፌኒልና ዳይቤንዞፉራን የተባሉ ተከላካዮች ያጠራቅማል። ባክቴሪያው ግን የጠቆረው ቦታ ላይ አይቆምም፤ ቀለም ባልቀየረው እንጨት ውስጥ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ የሚቆረጠው ከሚታየው ጥቁረት 30 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነው። አስር ሴንቲ ሜትር ቆርጦ «አዳንኩት» ማለት በሳምንቱ እንደገና መቁረጥ ነው።

ዝናብ በሚጥልበት ወይም ቅጠሉ እርጥብ በሆነበት ቀን አትቁረጡ። በእያንዳንዱ ቆረጣ መካከል መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። በረኪና (1 እጅ በ9 እጅ ውሃ) ይሠራል፣ ብረቱን ግን ይበላል፤ ማታ ታጥቦ ዘይት ይቀባ። የተቆረጠው ከማሳው ይውጣ። ኤም 9 እና ኤም 26 በተባሉ ሩትስቶኮች (ዛፉ የተከተበባቸው ሥሮች) ላይ ያለ ዛፍ ከሆነ የግንዱን ታች ፈትሹ፤ ባክቴሪያው ወደ ሥሩ ከወረደ ዛፉ አልቋል፣ ቅርንጫፍ መቁረጥ አያድነውም።

ፕሮሄክሳዲዮን ካልሲየም የሚባለው የእድገት ማቆሚያ እዚህ ጠቃሚ ነው፤ ግን ባክቴሪያ አይገድልም። ጂበረሊን የተባለው የእድገት ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ቀንበጡ ያጥራል። በተጓዳኝ የፍላቮኖይዱን መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይዘጋውና ዛፉ በተለመደው ጊዜ የማይሠራቸውን፣ ባክቴሪያ የሚጎዱ ውሁዶች እንዲሠራ ያስገድደዋል። የሚረጨው ቀንበጡ ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሳለ ነው፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ዘግይቶ መርጨት ብክነት ነው። ስሙ ውስጥ «ካልሲየም» ስላለ ከካልሲየም ክሎራይድ ጋር በአንድ በርሜል የሚበጠብጡት አሉ። ያ መድኃኒቱን ይገድለዋል። ካልሲየም የበዛበት ጠንካራ ውሃም እንዲሁ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ አሞኒየም ሰልፌት ይጨመር። አሲቤንዞላርን የመሰሉ የዛፉን መከላከያ የሚቀሰቅሱ ምርቶችም ከመጠቃቱ ቀናት በፊት የሚሰጡ ናቸው፤ ለጠቆረ ቀንበጥ አይሆኑም።

ምልክት፦ በፍሬው ልጣጭ ላይ ጎድጎድ ያሉ ቡናማ ነጥቦች፣ ሥራቸው ደረቅና መራራ

ነጥቦቹ ፍሬው ከሚንጠለጠልበት ማዶ ባለው ጫፍ በኩል ይበዛሉ። ሲለቀም ንጹሕ የነበረ ፍሬ ከተቀመጠ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሊያወጣቸው ይችላል። በሽታ አይደለም፤ በፈንገስ መድኃኒት የሚያሳድደው ሰው ቢበዛም። ፍሬው ውስጥ ካልሲየም አንሷል። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ ፍሬው ሊራብ ይችላል፤ ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር፣ ውሃውን በሚያወጣው ቱቦ በዛይለም ነው፣ ውሃውን ደግሞ ብዙ የሚስበው ቅጠሉ ነው። ስኳር የሚያመላልሰው ፍሎየም ካልሲየም አይሸከምም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቅጠል ላይ የደረሰው ወደ ፍሬ አይመለስም። ፍሬው ሲያድግ የራሱ ዛይለም እየደከመ ይሄዳል።

ከላይ የተባለው ሁሉ እዚህም ይመለሳል፤ የሮጠ ቀንበጥ የፍሬውን ካልሲየም ይነጥቃል። ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሲበዙ ከካልሲየሙ ጋር ይሻማሉ፤ «ቅጠሉ ቀለም እንዲይዝ» ብሎ የማግኒዥየም ጨው የሚረጭ ሰው ነጥቡን እየጋበዘ ነው። ፍሬ ያነሰበት ዛፍ ትልልቅ ፍሬ ይሰጣል፤ ትልቅ ፍሬ ደግሞ ካልሲየሙ የሳሳ ነው። አንድ ጊዜ ደርቆ አንድ ጊዜ የሚጥለቀለቅ አፈርም ያባብሳል።

ካልሲየም ክሎራይድ በሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም፣ ፍሬው ትንሽ ሳለ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ለቀማ ድረስ ይረጭ። መርጫው ፍሬውን ራሱን ያርጥብ፤ ልጣጩ ላይ ያልደረሰ ጠብታ ለፍሬው አልደረሰም። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን አትርጩ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል። ሰልፌት ካለበት ነገር ጋር አትቀላቅሉ፤ ጂፕሰም ይሆንና አፍንጫውን ይደፍናል። ጨው ስለሆነ ፓምፑን ይበላል፤ በዚያው ቀን ይታጠብ። አንድ ጊዜ ረጭቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ነው፤ አንድ ርጭት ፍሬው ውስጥ የሚያስገባው በጣም ጥቂት ነው።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ፍሬው አልቀላ ካለ፦ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን ብርሃንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል፤ ናይትሮጅን ያዘገየዋል። ጥላ የሚጥሉትን ቀንበጦች አውጡ።

ነጭ ዱቄት ለጋ ቅጠል ላይ፦ ፖዶስፌራ የተባለ ሻጋታ ነው፤ የተጠቃውን ጫፍ ቆርጣችሁ አውጡ። ድኝ ይሠራል፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከዘይት ርጭት በ14 ቀን ውስጥ ግን አይሆንም።

ቅጠሉ ቢጫ፣ ሥሩ (የቅጠሉ መስመር) አረንጓዴ፦ አፈሩ ኖራማ ነው፣ ብረት ተይዟል። ኢዲዲኤችኤ በተባለ ብረት ያዥ ኬሚካል የታሰረ ብረት አፈር ውስጥ ይሰጥ፤ በኢዲቲኤ የታሰረው ኖራማ አፈር ላይ አይጸናም።

አንድ ዓመት ሞልቶ አንድ ዓመት ባዶ፦ የዘሩ ጂበረሊን የሚቀጥለውን ዓመት የአበባ እምቡጥ ያግዳል። ማሳሳት ከአበባ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ፣ በየ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አንድ ፍሬ፤ ከዚያ በኋላ ማሳሳት ፍሬውን ያተልቃል እንጂ እምቡጡን አይመልስም።

ተቀምጦ ልጣጩ የሚጠቁር፣ ሥጋው ግን ደህና የሆነ ፍሬ፦ አልፋ ፋርኔሲን የተባለው የልጣጭ ውሁድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው። ሳይበስል የተለቀመ ላይ ይብሳል።

የቀንበጡ ቅርፊት በትንንሽ እብጠቶች ከተሸፈነና ሲላጥ ውስጡ ቡናማ ነጥብ ካለው የአፈሩን ፒኤች ለኩ፤ ከ5 በታች ወርዶ ከሆነ የበዛው ማንጋኒዝ ነው፣ ኖራ ይፈልጋል። ኖራው ከመተከሉ በፊት ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል፤ በቆመ ዛፍ ሥር የተበተነ ኖራ ወደ ታች ለመውረድ ዓመታት ይፈጃል።